ቺንጋው ተቀይሯል

ጋሽ ደምሴ ማረፉን የነገረኝ ባለቤቴ ተስፋዬ ነው። ስልኩን እንደያዘ ወደ ጓዳ መጣና "ሐረር ሆስፒታል ሌሊቱን አርፏል፤ ነፍስ ይማር" አለኝ። እኔም "ነፍስ ይማር" አልኩና ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ። ተስፋዬ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ሌላ ነገር አትይም?"

"አልኩ እኮ።"

ጅጅጋ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ጋሽ ደምሴን ያውቀዋል። ጋራዡ ፊት ለፊት ድንኳን ተጣለ። ከባቢሌ፣ ከሐረር፣ ከአይሻ ድረስ ሹፌሮች መጡ። ሽርጥ የለበሱ ሶማሌ ሹፌሮች ከእኛ ሰዎች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አንዱ "አባት ነበር" አለ። ሌላው "የእሱ እጅ የነካው መኪና መንገድ ላይ አያስቀርም" አለ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ነበር።

ሰዎች የማይረሱትን ሰው ሲጽፉ የሚጽፉት ስለሚወዱት ሰው ነው። እኔ የማልረሳው ሰው ግን ስሙ ሲነሳ የሚያቅለሸልሸኝ ሰው ነው። በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር። እዚህ ላይ "እሱ" ብዬ መጻፌን አንባቢ ይቅር ይበለኝ። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

ንጹሕ ሰው ነበር። የሌላው መካኒክ ቱታ በዘይት ሲጠቁር የእሱ ሁልጊዜ ታጥቦ የተተኮሰ ነው። ሰው ሊጨብጥ ሲል ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርጋል፤ አውራ ጣቱን መጨረሻ ላይ። ከዚያ በሁለት እጁ ይጨብጣል። ሽቶ ይቀባል። ያ ሽቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ቅዳሴ መሃል ሳይቀር ድንገት አፍንጫዬ ላይ ይመጣብኛል።

ሥራ ጨርሶ ኮፈኑን ሲዘጋ መዳፉን ያሳርፍበትና "ሞተሩ ሰላም ነው" ይላል። አባባሉ ይህ ነበር። ሠርግ ላይ ሰው "እንዴት ነህ?" ሲለው እንኳ "ሞተሩ ሰላም ነው" ብሎ ደረቱን ይመታል፤ ሰው ይስቃል። የዕድራችን ሰብሳቢ ነበር። ለቅሶ ሲሆን ፒካፑን ይዞ የሚመጣው ቀድሞ እሱ ነው። የካህናቱን መኪና በነጻ ይሠራል። ይህን ሁሉ አልክድም።

ጋራዡ ጥግ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን ነበረው። ጠበል ነው። መኪና ጠግኖ ሲያበቃ ከጀሪካኑ በኩባያ ይቀዳና ሞተሩ ላይ ይረጫል፤ "እመ ብርሃን ትጠብቃችሁ" ይላል። ባለመኪናው ሙስሊም ከሆነ ጠበሉን ይተወውና "ቢስሚላሂ" ብሎ ኮፈኑን ይዘጋል። ያኔ ይህን ሳይ ሰውን ሁሉ እንደ እምነቱ የሚያከብር ሰው ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ሚኒባሳችንን የገዛነው አሮጌ ሆኖ ነው። ተስፋዬ ከጅጅጋ ባቢሌና ሐረር ሰው ያመላልስበታል። ስንገዛው ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቆሞ ነበርና ስንት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ተስፋዬ በመጀመሪያው ሳምንት "ከሁሉ በፊት ታይሚንግ ቺንጋው መቀየር አለበት" አለኝ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

ሞተሩ ፊት ላይ፣ በፕላስቲክ ክዳን ሥር፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ አለ። የሞተሩ የላዩና የታቹ ክፍል ተግባብቶ እንዲዞር የሚያደርገው እሱ ነው። ጎማ ስለሆነ ያረጃል። ክዳኑ ካልተከፈተ አይታይም። ሌላው ዕቃ ሊበላሽ ሲል ይጮኻል፣ ይጨሳል፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት ይበጠሳል። ሲበጠስ ሞተሩ እዚያው ይጠፋል፤ ውስጡም ይሰባበራል። "ሜዳ ላይ ከሆነ ዳር ይዘሽ ትቆሚያለሽ" አለኝ ተስፋዬ። "ቁልቁለት ላይ ከሆነ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ድርቅ ይልብሻል።"

ከጅጅጋ ወደ ባቢሌ የሚሄድ ሰው ካራማራን ሳይወጣና ሳይወርድ አያልፍም። ትልቋ ልጄ ማርታ ደግሞ ያኔ ሐረር ነበር የምትማረው። በየሳምንቱ መጨረሻ ትመጣለች፤ ስትመለስ ከአባቷ ጎን የፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ "ዛሬውኑ ይቀየር" አልኩት።

ተስፋዬ ጋሽ ደምሴ ጋራዥ ወሰደው። በማግስቱ መኪናውን ጋሽ ደምሴ ራሱ ነድቶ ቤታችን ድረስ አመጣው። ክንዱ ላይ አሮጌ ቺንጋ አንጠልጥሎ ነበር። እኛ አገር መካኒክ የቀየረውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ያስረክባል። ሌላ ማረጋገጫ የለም። ሰው አሮጌውን ዕቃ በእጁ ከያዘ አዲሱ ገብቷል ብሎ ያምናል፤ ክዳን ከፍቶ የሚያይ የለም።

"ይኸው ወይንሸት" አለኝ፤ ቺንጋውን አጥፎ ስንጥቁን እያሳየኝ። "ይቺ ነበረች ልትጨርሳችሁ። እመ ብርሃን ናት ያተረፈቻችሁ።"

እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ምሳ አቀረብኩ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ፤ ታጠበ፤ ባረከ። ተስፋዬን አጎረሰው፤ እኔንም አጎረሰኝ። ያን ቀን ስጸልይ ስሙን ከልጆቼ ስም ቀጥዬ ጠራሁት። ዛሬ ያንን ጉርሻ ሳስበው አፌን መጉመጥመጥ ያምረኛል።

አሮጌዋን ቺንጋ አልጣልኳትም፤ የከሰል ማዳበሪያዬን አፍ አሰርኩባት። አንድ ቀን ፍም ወደቀባትና ሁለት ጥርሷ ቀልጦ ተጣበቀ። ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ደምሴ በቤታችን በኩል ሲያልፍ ብቅ አለ።

"ያቺ አሮጌ ቺንጋ አለች?"

"ከሰል አስሬባታለሁ። ምነው?"

"አዲስ አበባ ዕቃ ለሚገዛልኝ ሰው ለናሙና ልልካት ነው። መጠኗን ይይ።"

ፈትቼ ሰጠሁት። አመድ ስለነበረባት በጨርቁ ጠርጎ ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ ያየኋት ፋዱማ ዘንድ ነው።

ፋዱማ ከሀርሺን ወተት አስመጥታ ገበያ የምትሸጥ ወዳጄ ናት። አሮጌ ፒካፕ አላት፤ ሞተሩ ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚነዳው ወንድሟ ነው። አንድ ጠዋት ወተት ልገዛ ስሄድ ባዶ ጀሪካኖቿ በአንድ ጥቁር ቺንጋ ታስረው ተደርድረዋል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት ጥርሷ ቀልጦ ተጣብቋል። እጥፋቷ ውስጥ የእኔ አመድ አለ።

"ፋዱማ፣ ይቺን ከየት አመጣሻት?"

"ቺንጋዋን? የመኪናዬ ናት አቦ! ደምሴ ትናንት ቀይሮልኝ አሮጌዋን ሰጠኝ። 'ይቺ ነበረች ልትጨርስሽ' አለኝ። ዋላሂ፣ ደነገጥኩ!"

"ይቺማ የእኔ ናት። ከሰል አስሬባት የተቃጠለች ናት።"

ፋዱማ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወች። ቺንጋዋን ፈታ አሸተተቻት፤ የተቃጠለውን ቦታ በጥፍሯ ፋቀችው። ከዚያ ስልኳን አወጣች። ወንድሟ ሀርሺን መንገድ ላይ ነበር። በሶማልኛ ጮኸችበት፤ የገባኝ "ቁም" የሚለው ብቻ ነው። ስልኩን ዘግታ ሻሿን አጠበቀች።

"ተነሺ ወይንሸት። እንሂድ።"

ጋራዡ ስንደርስ ጋሽ ደምሴ ከአባባ ወልዴ ጋር ሻይ እየጠጣ ነበር። አባባ ወልዴ የዕድራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ቃላቸው ይሰማል። ተስፋዬም ደውዬለት ሚኒባሱን ይዞ ደረሰ። የጋራዡ ሠራተኛ ሙክታር አንድ መኪና ሥር ተኝቷል። ሙክታር የባቢሌ ሰው ነው፤ ጺሙ የሸበተ፣ የልጆች አባት፣ ብዙ ዓመት ከጋሽ ደምሴ ጋር የሠራ።

"ዋሪያ ደምሴ!" አለች ፋዱማ ገና ከበሩ። "ይቺ ቺንጋ የስንት መኪና ናት?"

ጋሽ ደምሴ ተነሳ። ጨርቁን አወጣ። ጣቶቹን እየጠረገ ቺንጋዋን አየ፤ እኔን አየ፤ ፈገግ አለ።

"ይሄ ነው የሚያስጮኻችሁ? እዚህ አሮጌ ቺንጋ ክምር ነው እኮ። ልጆቹ ደባልቀውት ይሆናል። አሮጌው የማንም ይሁን፤ ዋናው አዲሱ መግባቱ ነው።"

"ይከፈትና እንየው" አልኩ።

"የታሸገ ሞተር? ያለ ምክንያት ይከፈታል? ተስፋዬ፣ አንተ ሹፌር ነህ፤ ንገራት እንጂ።"

ተስፋዬ አንገቱን ደፋ። በጆሮዬ "አታሳፍሪኝ፤ የዕድር ሰብሳቢያችን ነው" አለኝ።

ጋሽ ደምሴ አውራ ጣቱን ሳመና ወደ ላይ አነሳው። "እመ ብርሃን ትመስክርብኝ። ቺንጋው ተቀይሯል። የሁለታችሁም ተቀይሯል።"

ጀሪካኑ ከኋላው ነበር። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የተጸየፍኩት። ውሸታም ብዙ አይቻለሁ፤ ሳይቸገር እመ ብርሃንን የሚጠራ ግን አላየሁም ነበር።

"የእኔ ልጅ በየሳምንቱ በዚህ መኪና ካራማራን ትወርዳለች" አልኩት። "የእርስዎ ልጅ ትወርድበታለች?"

ሙክታር ከመኪናው ሥር ወጣ።

የጋሽ ደምሴ ልጅ ሶስና ምሳ ዕቃ ይዛለት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንድ ልጁ ናት፤ ገና ትንሽ ነበረች፤ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች። ጋሽ ደምሴ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ "ሶስና! ነይ ግቢ። ካራማራን ደርሰን እንመለሳለን" አለ።

ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። የሚኒባሱን የፊት በር ከፍቶ ልጅቷን አሳፈራት። ጎንበስ ብሎ ከእሷ ጋር ትንሽ ቆየ፤ ጀርባው ስለጋረዳት አልታየኝም። በሩን ዘጋ፤ ዞሮ መሪውን ያዘ፤ ሞተሩን አስነሳ።

"ጋሼ፣ ተው" አለ ሙክታር።

ጋሽ ደምሴ በመስኮቱ በኩል አየው። ሙክታር ወደ ኋላ ተመለሰ።

"በቃ!" አሉ አባባ ወልዴ። "አምነናል! ከዚህ በላይ ምን ይሁን? አንቺ ሴትዮ፣ ልጁን አስጭነሽ ልትፈትኚው ነው?"

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ምን እንደገፋኝ አላውቅም። ሮጬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። "ልጅቷ ትውረድ" አልኩ። "ውረጂ ሶስና። ውረጂ ልጄ።" ጋሽ ደምሴ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሳቀብኝ።

"አየሽ? አንቺው ጠየቅሽ፤ አንቺው አስወረድሽ።"

ልጅቷ ወረደች። እያለቀሰች ነበር። አባባ ወልዴ አቅፈው ወሰዷትና ለእኔ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ፋዱማ እንኳ ክንዴን ይዛ "ወይንሸት፣ ተሳስተን ይሆን?" አለችኝ። እኔም አመነታሁ። ልጁን አሳፍሮ ቁልቁለት ሊወርድ የተነሳ አባት እንዴት ይዋሻል?

ግን ቺንጋዋ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። በማግስቱ ተስፋዬን ለመንኩት። እያጉረመረመ ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፈተ። ጋሽ ደምሴ "የታሸገ ሞተር" ቢልም የላዩ ክዳን የሚያዘው በጥቂት ብሎን ብቻ ነው። ወጥ እስኪሞቅ እንኳ አልፈጀም።

ክዳኑ ከውጭ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ውስጡ ሌላ ነው። ዘይት ከላይ እየሰረገ ቺንጋውን አጥግቦታል፤ ጎማው አብጦ ለስልሷል። ዳር ዳሩ ተተልትሎ ክሮቹ እንደ ጸጉር ወጥተዋል። ጥርሶቹ ከአንዳንድ ቦታ ተነቅለው ወልቀዋል፤ የወለቁት ከክዳኑ ሥር በጥቁር ጭቃ ውስጥ ተለውሰው ተኝተዋል። ሽታው እንደ ሞተ አይጥ ነው። ተስፋዬ በጣቱ ሲነካው ጎማው እንደ በሰበሰ ቆዳ ተላጠ። ጣቱን አየ። ሄዶ የግቢው ጥግ ላይ አስመለሰው።

ስንት ጊዜ በዚህ ነገር እንደወረድን ማሰብ ጀመርኩና ተውኩት። መሬቱ ላይ ተንበርክኬ ተመስገን አልኩ። ማርታ በሕይወት አለች፤ ተስፋዬ አለ፤ ያ ሁሉ ተሳፋሪ ቤቱ ገብቷል። ዛሬም ሳስበው ከምስጋና ሌላ የምለው የለኝም። የፋዱማም ፒካፕ በቆመበት ተከፈተ፤ ያው ነበር።

አባባ ወልዴን ጠርተን ወደ ጋራዡ ተመለስን። ጋሽ ደምሴ የተከፈተውን ሞተር ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ አልተለወጠም። ቀና ብሎ ጣቶቹን ጠረገ፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ከዚያ ዞረና ሙክታርን በጥፊ መታው።

"ምን አደረግህ? አዲሱን ዕቃ የት አደረስከው? ልጄን ልትገድላት ነበር?"

ሙክታር ጉንጩን ይዞ ቆመ። አማርኛው ሲደነግጥ ይጠፋበታል።

"ጋሼ፣ አንተ አይደለህ እንዴ… 'ክዳኑን ወልውልና ዝጋ' ያልከኝ? ሁልጊዜ እንደዚህ አይደል?"

"ዝም በል! ሌባ!"

"ትናንት 'ተው' አልኩህ እኮ!"

"ሰማችሁ?" አለ ጋሽ ደምሴ ወደ እኛ ዞሮ። "ያውቅ ነበር ማለት ነው። እያወቀ ነው ዝም ያለው።"

አባባ ወልዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ደምሴ ባያምንማ ልጁን ይጭን ነበር?" አሉ። ያ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው ዞረ። ገበያ ውስጥ፣ መናኸሪያ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰማሁት። ባያምን ልጁን ይጭን ነበር? ሰው ሁሉ ለጋሽ ደምሴ አዘነለት፤ በሠራተኛው የተከዳ ሰው ሆነ። "ሁልጊዜ እንደዚህ አይደል?" ያለውን የሙክታርን ቃል ያነሳ ሰው አልሰማሁም።

ሙክታር መፍቻዎቹን እንኳ ሳይዝ ሄደ። ጅጅጋ ውስጥ የሚቀጥረው አጣ፤ ሌባው ተባለ። ልጆቹን ይዞ ባቢሌ ገባ። እዚያ መንገድ ዳር ጎሚስታ ሆኖ ጎማ ሲለጥፍ አንድ ጊዜ አየሁት። አቧራ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ተነስቶ ሰላም አለኝ፤ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እትዬ፣ ተስፋዬ አሁን ቺንጋውን ከፍቶ ያያል?"

"ያያል።"

"ጥሩ ነው" አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ጋሽ ደምሴ የእኛንም የፋዱማንም ቺንጋ በገዛ እጁ ቀየረ። ተስፋዬ አጠገቡ ቆሞ እስከ መጨረሻው አየ፤ አዲሱ ሲገባ፣ ምልክቱ ከምልክቱ ሲገጥም። ሲያበቃ ጋሽ ደምሴ ወደ ጀሪካኑ ሄዶ ኩባያውን አነሳ።

"ጠበሉን ይተውት" አልኩት።

"ምነው ወይንሸት፣ እምነት የለሽም?"

አፌን ብከፍት የሚወጣውን ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት እዚያው ሰፈር አብረን ኖርን። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲሳለም ሳየው ፊቴን አዞር ነበር። ይህ ደግሞ ያስጨንቀኝ ጀመር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "ልብን የሚያየው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ምናልባት እውነት ሠራተኛው አታልሎት ይሆናል" አሉኝ። ተቀበልኩ። ልጁን ማስቀመጡን አስቤ ለራሴም "ምናልባት" አልኩ። በዚያች "ምናልባት" እየተደገፍኩ ሰላምታ ሰጠሁት፤ ለቅሶ አብሬው ተቀመጥኩ፤ ሲታመም ሾርባ ላኩለት። ሙክታርን ሳስብ ግን ያቺ "ምናልባት" ትከብደኝ ነበር። ለአንዱ ስሰጣት ከሌላው እየወሰድኩ ነበርና። ከሁለቱ አንዱ ያንን ቺንጋ እያወቀ ትቶታል።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ሶስናን ከበው ተቀምጠዋል። አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ ቆንጆ፣ ጨዋ። ፊቷ በለቅሶ አብጧል። አንዲት ጎረቤት "አባትሽማ እንዴት ይሳሳልሽ ነበር!" አለቻት። ሶስና ዓይኗን ጠረገች፤ እንባዋ መሃል ፈገግ አለች።

"አንድ ቀን የማልረሳለት" አለች። "ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ እትዬ ወይንሸት ታስታውሳለች፣ በእነሱ ሚኒባስ ካራማራን እንሂድ አለኝ። አባዬ የመኪና ቀበቶ የሚባል ነገር አስሮ አያውቅም። እኔም አስሬ አላውቅም፤ በእሱ መኪና 'እኔን አታምኚኝም ወይ' ይለኛል። ያን ቀን ግን የሚኒባሱን ቀበቶ ከወንበሩ ሥር ጎትቶ አወጣው። አቧራውን አራገፈ። አሰረልኝ። ስቦ፣ ስቦ ሞከረው። 'አባዬ ምነው?' ስለው በጆሮዬ 'በሁለት እጅሽ ያዢው፤ ምንም ቢሆን እንዳትለቂው' አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንደዚያ ነው የሚወደኝ።"

"እሰይ! አባት!" አሉ ሴቶቹ። እንደ አዲስ ተለቀሰ።

እኔ አላለቀስኩም። ያ የጋረደኝ ጀርባ ተገለጠልኝ። ያውቅ ነበር። ክዳኑ ሥር ያለውን ያውቅ ነበር። ቺንጋው ቁልቁለት ላይ ሊበጠስ እንደሚችል አስቦ ልጁን አሰራትና ሞተሩን አስነሳ። "ተሳስቻለሁ" ማለት ከዚያ ይቀል ነበር። አላለም። በማግስቱ ደግሞ በዚያው እጅ ሙክታርን መታው።

ሶስና ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች። "አይደል እትዬ? ታስታውሺያለሽ አይደል?"

የሞተ አባቷን የያዘችው በዚያ ቀበቶ ነው። "አስታውሳለሁ ልጄ" አልኳት፤ ግንባሯን ሳምኳት። እሷ ምን በደለች? ከዚያ በላይ ግን እዚያ መቀመጥ አልቻልኩም። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

አባባ ወልዴ ከድንኳኑ ውጭ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። የልጅቷን ወሬ በሸራው በኩል ሰምተውታል፤ እንባቸውን ሲጠርጉ ደረስኩ። ጎንበስ አልኩላቸው።

"አባባ፣ ሰሙ?"

"ሰማሁ። አባት ማለት እሱ ነው።"

"ቀበቶ አሰረላት።"

"አዎ።"

"አስሮ የማያውቅ ሰው። እጁ እየተንቀጠቀጠ።"

መሐረባቸው አፍንጫቸው ላይ ቆመ። አዩኝ። ቀስ ብሎ እንደገባቸው ከዓይናቸው አየሁ። ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሰውየው ሞቷል፣ ወይንሸት። ልጅቷ አለች። አሁን ይህን ማንሳት ለማን ይጠቅማል?"

"ለሙክታር።"

አባባ ወልዴ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ከልባቸው ሊያስታውሱ ሞከሩ።

"ሙክታር የቱ?" አሉኝ።